ከመንገደኛ ወደ ደንበኛ፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመገበያየት እምነት ታሪክ

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲያዩት የታሪክ ሰው ጥያቄ አይመስልም። በስልክ ላይ በተከፈተች ትንሽ ሱቅ ደጃፍ በየቀኑ ብዙ ሰው ያልፋል። ዕቃውን ያያል፣ ፎቶውን ያሰፋል፣ አንዳንዱም «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው እጅግ ጥቂት ነው። በሌላው ዓለም ያሉ የበይነ መረብ ንግድ ባለሙያዎች ከ100 ጎብኚ 2 ወይም 3 ሰው ከገዛ ገበያው ደኅና ነው ይላሉ። ታዲያ እነዚያ ሁለትና ሦስት ሰዎች የሚገዙት በምን ምክንያት ነው? የቀሩትስ ምን አይተው ይመለሳሉ?

የንግድ ሥራ አመራር መምህራን ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ይመልሱታል። እኔ በታሪክ መንገድ ልሄድበት የመረጥሁት ስለምንኖርበት አካባቢ ብዬ ነው። አዳማ ያደገችው በሚያልፍ ሰው ነው። በባቡር ያለፈ፣ በአውቶቡስ ያለፈ፣ በጭነት መኪና ያደረ፣ ለስብሰባ መጥቶ የተመለሰ ሰው ነው ከተማዋን ከተማ ያደረጋት። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔም ከዚህ ዕድል የራቁ አይደሉም። ስለዚህ የሚያልፈውን ሰው ገዢ ማድረግ ለእነዚህ ከተሞች ትናንት ከስልክ ጋር የመጣ ጥበብ አይደለም፤ የቆዩበት ሙያ ነው።

የምከራከርለትን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። ገዢ ገንዘቡን ከእጁ ሲያወጣና ዕቃውን በእጁ ሲያስገባ፣ በሁለቱ መካከል ሥጋት ያለበት አንድ ጊዜ አለ። አንዳንድ ጊዜ ይህ ጊዜ የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይሆናል። መንገደኛው ደንበኛ የሚሆነው ያንን ሥጋት የሚሸከምለት ሲያገኝ ነው። በየዘመኑ ተሸካሚ ነበረ፤ በስልክ ገበያችን ግን ሸክሙ በአብዛኛው በገዢው ትከሻ ላይ ወድቋል። ይህን በየተራ ለማሳየት እሞክራለሁ። ለአዋጆች ቁጥር ካልሆነ በቀር ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

«ደንበኛ» የሚለው ቃል

ከቃሉ ልጀምር። ከአንድ ሻጭ ዘንድ ደጋግሞ የሚገዛን ሰው በአማርኛ «ደንበኛ» እንለዋለን። ቃሉ «ደንብ» ከሚለው የወጣ ነው። «ደንበኛ ሥራ» ስንል በሥርዐቱ የተሠራ፣ የተሟላ ሥራ ማለታችን ነው። እንግዲህ ደንበኛ በአንድ ደንብ ውስጥ የገባ ሰው ነው ማለት ነው። ደንቡ አልተጻፈም፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። ሻጩ ሚዛን አያጎድልም፣ ደኅናውን ከላይ የተበላሸውን ከታች አያደርግም፣ ሰፍሮ ሲያበቃም ጥቂት ምራቂ ይጨምራል። ገዢው በበኩሉ ሌላውን ሱቅ አልፎ ይመጣል፣ ዱቤውን በቀኑ ይከፍላል። «መርቂልኝ» የሚለው የገበያ ልመና ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑም የሚያስተውሉት ነገር ነው፤ ከሒሳቡ በላይ የተጨመረችው እፍኝ በርበሬ ዋጋዋ ትንሽ ቢሆንም «ነገም ና» የምትል መልእክት ይዛለች።

መንገደኛ ግን ነገ የለውም። ሻጩ ደግሞ አያገኘውም፤ እርሱም ቢታለል የሚከስስበት አጥቢያ፣ የሚያስታርቀው ሽማግሌ በአጠገቡ የለም። ደንብ የሚጸናው በመመላለስ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ የማይመላለስ ሰው ነው። በመንገድ ዳር የበቀለ ከተማ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው ያለው።

መተማመን ባልጸናበት ገበያ ገንዘቡ ራሱ ይመረመራል። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን አሞሌ ጨው ሲቀበሉ እንዳልተሸረፈ ያዩ ነበር፤ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርዳልና። የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉም በንግሥቲቱ ምስል ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይቆጥሩ ነበር። ብሩ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ የኖረ ነው፤ ሰው ያመነው ያንኑ የማይለወጥ መልክ ነው። ዛሬ አንዲት ወጣት ነጋዴ ገንዘብ ገብቷል የሚል የስልክ መልእክት ሲደርሳት ሒሳቧን ከፍታ ታረጋግጣለች፤ የምትሠራው ሥራ ከዚያ ከነጥብ ቆጠራው ብዙ አይርቅም።

የባቡሩ መስኮት

በ1894 ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ፉክክር ለዓመታት ቆመ፤ በመጨረሻም በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ መሥመር ላይ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰደሩ። አዳማ ስሟን ያገኘችው ቁልቋልን ከሚያመለክተው የኦሮምኛ ቃል እንደሆነ ይነገራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ተሰየመች፤ በ2000 ደግሞ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት። ከተማዋ በሁለት ስም ስትጠራ ብትኖርም መንገደኛው የሚያውቃት ባቡሩ የሚቆምባት፣ ምግብና ማረፊያ የሚገኝባት ቦታ አድርጎ ነው። የባቡር ኩባንያው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ስም እስከ ዛሬ «ፍራንኮ» በሚባለው ሰፈር ይታወሳል።

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። የተራበና የተጠማ መንገደኛ በየጣቢያው ይቆማል ማለት ነው። በዚያ ላይ የበቀለው ንግድ የመስኮት ንግድ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ዳቦና ፍራፍሬ የያዙ ሴቶችና ልጆች ከባቡሩ ጎን ይሰለፋሉ፤ ተጓዡ ከላይ ሆኖ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይገዛል ወይም ይተዋል።

ይህን ንግድ በጥሞና ብንመረምረው የዛሬው የስልክ ሱቅ ችግር ሁሉ በውስጡ አለ። ጊዜው አጭር ነው፤ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ገዢ የለም። ተጓዡ ሻጯን አያውቃትም፣ እርሷም አታውቀውም። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ ያ ያልሁት ሥጋት ይመጣል፤ ማን አስቀድሞ ይልቀቅ? እርሷ ቅርጫቱን ብትሰጥ ገንዘቡ አብሮ ሊሄድባት ይችላል። እርሱ ብሩን ቢሰጥ መልሱ ጣቢያው ላይ ሊቀርበት ይችላል።

ለዚህ ፈተና መስኮት ላይ የሚሸጥ ሰው መልስ ሊያበጅለት ግድ ነው። ዋጋው ለክርክር ጊዜ የማይተው የታወቀ ዋጋ ይሆናል። ዕቃው አስቀድሞ ተቆጥሮና ተጠቅልሎ በአንድ እጅ ሊያዝ በሚችል መጠን ይዘጋጃል። ዝርዝር ገንዘብ በመቀነት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልውውጡም እጅ በእጅ፣ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። እነዚህ አራት ነገሮች ሥጋቱን ከሦስት ቀን መንገድ ወደ አንድ ትንፋሽ ያሳጥሩታል። ሥጋትን ማሳጠር አንዱ የንግድ ጥበብ ነው፤ ሌላው ጥበብ ሥጋትን የሚሸከም ማግኘት ነው። ወደዚያ ልለፍ።

ሱቁ፣ ዱቤውና አደራው

ባቡሩ መንገደኛ ብቻ አላመጣም፤ ነጋዴም አምጥቷል። በሐዲዱና በመኪናው መንገድ ዳር የተከፈቱትን ሱቆች ከአገሬው ነጋዴ ጋር የመናውያን፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶችም ይዘዋቸው ነበር። ሰፈር ውስጥ ያለችን ትንሽ ሱቅ «አረብ ቤት» ማለት የተለመደው ከየመናውያኑ ጋር ተያይዞ ነው። ከእነርሱ ጎን፣ ብዙ ጊዜም ከእነርሱ በታች፣ ሱቁን በአንገቱ አንጠልጥሎ በእግሩ የሚዞረው «ሱቅ በደረቴ» ነበር። ሱቅ በደረቴ ገዢው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ገዢው ካለበት ይደርሳል። ብዙ የጉራጌ ነጋዴዎች ከዚያ ተነሥተው ባለ ሱቅ፣ ከዚያም አስመጪ መሆናቸው የአገራችን የንግድ ታሪክ የታወቀ ምዕራፍ ነው።

በ1954 የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር፣ በ1960ም የቆቃ ግድብ ሲያልቅ የአዳማ ገበያ መልክ ተለወጠ። ከመንገደኛው ጋር ደመወዝተኛ መጣ። ደመወዝተኛ ለባለ ሱቅ ከመንገደኛ የሚለየው የሚከፈልበት ቀን በመታወቁ ነው። ቀኑ የታወቀ ሰው ዱቤ ይሰጠዋል። በዱቤ ጊዜ ሥጋቱን የሚሸከመው ሻጩ ነው፤ ዕቃው አስቀድሞ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ኋላ ይመጣል። ባለ ሱቁ ይህን የሚያደርገው በደግነት ብቻ አይደለም። የዱቤ መዝገቡ ገዢውን ከሱቁ ጋር ያስረዋል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ ሱቅ ለመሄድ ያፍራልና። በየግድግዳው «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚለው ማስታወቂያ የተሰቀለውም ዱቤ ስላልነበረ ሳይሆን ከሚገባው በላይ ስለተለመደ ነው። ማስታወቂያው የሚመልሰው መንገደኛውን ነው፤ ደንበኛውማ በልቡ እየሳቀ አልፎ ይገባል።

ለንጽጽር ያህል ወደ ሌላው ዓለም እንመልከት። በ1852 አሪስቲድ ቡሲኮ በፓሪስ የቦን ማርሼን መደብር ሲይዝ ሦስት ልማዶችን አጸና፤ ማንም ሳይገዛ ገብቶ ማየት ይችላል፣ ዋጋው ተጽፎ ይለጠፋል፣ ያልተስማማ ዕቃ ይመለሳል። በ1872 አሜሪካዊው ሞንትጎመሪ ዋርድ ዕቃን በጽሑፍ ዝርዝር እያሳየ በፖስታ ለገበሬ መሸጥ ጀመረ። ገበሬው ዕቃውን አልዳሰሰም፣ ሻጩን አላየም። ጥርጣሬው የተሰበረው በ1875 ኩባንያው «ካልረካችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» የሚል ቃል ሲገባ ነው። ሥጋቱን ሻጩ በራሱ ላይ ጫነው፤ መንገደኛውም ደንበኛ ሆነ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው የፖስታ ንግድ ሥር አልሰደደም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው፤ ደብዳቤው ግን የሚደርሰው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ደጃፍ አልነበረም። ቤቱም የመንገድ ስምና ቁጥር ስለሌለው አድራሻው «ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ነው። ስለዚህ ዕቃን ከሩቅ የሚያደርስልን ተቋም ሳይሆን ሰው ሆነ፤ ሹፌርና ረዳት፣ ዘመድና ባልንጀራ። ይህን ግንኙነት የያዘው ቃል «አደራ» ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ዕቃ በምን እንደሚጠበቅ ይነግረናል። «አደራ በላ» የሚለው ስድብም አደራን የበላ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያሳያል። ሌላው ዓለም በማኅተምና በመድን ያደረገውን እኛ በስምና በኀፍረት አደረግነው።

መንገደኛው ሲርቅ

በ1975 የደርግ መንግሥት ትላልቅ ድርጅቶችን ከወረሰና ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ ጥያቄያችን ለጊዜው ትርጉሙን አጣ። በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በራሽን ሲከፋፈል ገዢን መማረክ የሚያስፈልገው ሻጭ አልነበረም፤ ገዢው ራሱ ወረፋ ጠባቂ ሆነ። ሆኖም የመንገድ ዳሩ ንግድ በጥቂቱም ቢሆን ቀጠለ። የመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ፣ የአርሲ ነገሌ አረቄ እያንዳንዳቸው የአገራቸው ስም ተለጥፎባቸው ታወቁ። ይህም አንድ የመተማመኛ መንገድ ነው። ተጓዡ ሻጯን ባያውቅም አገሩን ያውቃል፤ የቦታው ስም የሻጯን ስም ይተካል።

ከዚያ በኋላ ግን መንገደኛው ራሱ መራቅ ጀመረ። አሮጌው ባቡር በ2008 ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መጓዙን አቆመ። በ2014 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ ላይ መኪና መሀል ከተማ አይገባም፤ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቶ ያልፋል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የተዘረጋው አዲሱ የፍጥነት መንገድም እንዲሁ ነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ ጣቢያዎቹን ከከተሞቹ ወጣ አድርጎ ሠራ። የአዳማ አዲሱ ጣቢያ መስኮት ሥር ቅርጫት ይዞ የሚቆም የለም።

ይህን የምናገረው መንገዱን ለመውቀስ አይደለም፤ የሰውን ጊዜ አሳጥሯል፣ ጭነትንም አቅልሏል። ነገር ግን መንገድ ዳር ላይ ለሚሠራ ሰው ፍጥነት ማለት የማይቆም ገዢ ነው። ታሪኩ የሚነግረን እነዚህ ከተሞች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በዓይን የሚያዩትን መንገደኛ በከፊል ማጣታቸውን ነው። በዚያው ትውልድ ዕድሜ ግን በዓይን የማይታይ ሌላ መንገደኛ መጣ።

ሱቅ በስልኬ

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። ለዓመታት የጥቂቶች መሣሪያ ሆኖ ቆየ። ከመጀመሪያዎቹ የአገራችን የበይነ መረብ ንግዶች አንዱ ኢትዮጊፍት ሲሆን፣ ውጭ ያለው ወገናችን በካርድ እየከፈለ አገር ቤት ላሉት ዘመዶቹ በግ፣ አበባና ኬክ የሚልክበት ነበር። ለምን ከዚህ እንደተጀመረ ማስተዋል ይገባል። ከፋዩ የባንክ ካርድ በሚሠራበት አገር ነው። ተቀባዩም ዘመዱ ስለሆነ በጉ መድረሱን ደውሎ ይነግረዋል። ዘመድ የማረጋገጫ ደረሰኝ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2021 ሥራ ሲጀምር፣ ኤም–ፔሳም በ2023 ሲከተል፣ ገንዘብ የማስተላለፉ ችግር በብዙ ቀለለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ስምምነት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ስለዚህ መክፈያው አለ፣ ሕጉ አለ፣ ጎብኚውም አለ። ከተመራቂ ተማሪዎቻችን ሥራ እስኪያገኙ ብለው፣ አንዳንዶቹም ሥራ አድርገውት፣ በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ ጫማ፣ ልብስና የቤት ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ይህ ለእነርሱ ጨዋታ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የእናት መድኃኒት ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ የሚሰማው ምልልስ ሁላችሁም የምታውቁት ነው።

«ዋጋው ስንት ነው?»
«በውስጥ መሥመር ያናግሩን።»
«ሱቃችሁ የት ነው?»
«ኦንላይን ብቻ ነን፤ ያሉበት እናደርሳለን።»
«ሳየው ልክፈል?»
«ከከተማ ውጭ ከሆኑ ቅድሚያ ክፍያ ነው።»

እዚህ ላይ ጎብኚው ዝም ይላል። ሻጩም «ሰው ጠይቆ ይጠፋል» ብሎ ያዝናል። ነገር ግን ምልልሱን ደግመን ብናነበው ጎብኚው የጠየቃቸው ሦስቱም ጥያቄዎች አንድ ጥያቄ ናቸው፤ «ብታለል ምን ይዤ እቀራለሁ?» የሚል ነው። ዋጋው ካልተጻፈ ለእኔ ብቻ የተጠራ ሊሆን ይችላል። ቦታው ካልታወቀ የምመለስበት ደጅ የለም። ገንዘቡ አስቀድሞ ከሄደ ሥጋቱን ሁሉ ተሸካሚው እኔ ነኝ። ሻጩም በበኩሉ ምክንያት አለው፤ ዕቃ አስልኮ በር ላይ «ተውኩት» የሚል ገዢ፣ ተቀናብሮ የተሠራ የክፍያ ማስረጃ የሚልክ አጭበርባሪ ገጥሞታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቷል፤ ቅርጫቱም ብሩም በየእጁ እንደ ተያዘ ነው።

ሕዝቡ ግን ተቋም እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ከመርካቶ የሚላክ ዕቃ ወደ አዳማ ወይም ወደ ሻሸመኔ እንዴት እንደሚመጣ ተመልከቱ። ሻጩ ዕቃውን መናኸሪያ ወስዶ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ይሰጣል፤ የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስልክ ለገዢው ይልካል፤ ገዢው በሰዓቱ መናኸሪያ ተገኝቶ ይቀበላል። ይህ የድሮው አደራ ነው፤ የተጨመረበት የታርጋ ቁጥር ብቻ ነው። ታርጋው ስም አልባውን ሹፌር በስም የሚታወቅ ያደርገዋል። በዚህ ሥርዐት የዕቃው መንገድ አደራ አለው፤ አደራ የሌለው የገንዘቡ መንገድ ነው።

ይህንኑ ክፍተት ቻይናውያን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገጥሟቸው ነበር። ታኦባኦ በ2003 ሲከፈት ገዢ አስቀድሞ ለመክፈል፣ ሻጭም አስቀድሞ ለመላክ ይፈሩ ነበር። መፍትሔው ገንዘቡን በሦስተኛ ወገን እጅ ማስቀመጥ ሆነ፤ ኋላ አሊፔይ የተባለው አገልግሎት ገንዘቡን ይዞ ይቆይና ገዢው ዕቃውን መረከቡን ሲናገር ለሻጩ ይለቅቃል። በእኛ ቋንቋ ይህ ለገንዘብ የተዘረጋ አደራ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ረዳቱ ለጫማው የሚያደርገውን የሚያደርግ ለብሩም ያስፈልጋል።

ታሪኩ ምን ያስተምራል?

ከዚህ ሁሉ ለትንሹ የስልክ ነጋዴ የሚተርፉ ጥቂት ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ዋጋን በግልጽ መጻፍ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ የመስኮት ነጋዴዋ ደግሞ ሕጉ ሳይወጣ ጊዜ ስላልነበራት የታወቀ ዋጋ ይዛ ትቆም ነበር። የስልክ ጎብኚም እንደ ባቡር ተጓዥ ነው፤ መልስ ለመጠበቅ አይቆምም።

ሁለተኛው ስምና ቦታ ነው። ሱቅ መከራየት የማይችል ሰው የሚቀበልበትን የታወቀ ቦታ፣ የንግድ ፈቃዱን፣ እውነተኛ ስሙን ማሳየት ይችላል። «የመቂ ቲማቲም» ሲባል የቦታው ስም ዋስ እንደሆነ ሁሉ፣ ከተማውን ደብቆ «ኦንላይን ብቻ ነን» የሚል ነጋዴ ያለውን ዋስ በገዛ እጁ ይጥላል።

ሦስተኛው ሥጋቱን መካፈል ነው። ሙሉውን ቅድሚያ ክፍያ ከመጠየቅ የመላኪያውን ብቻ አስቀድሞ መቀበል፣ ልኩ ያልሆነን ጫማ በታወቀ ቀን ውስጥ መለወጥ፣ ከተቻለም የጥቂት ነጋዴዎች ማኅበር በጋራ ዋስ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ያለ ባንክ የብዙ ሰው ገንዘብ በየሳምንቱ በዋስ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። የዕቁብ ዋስ የሚያውቅ ሕዝብ የስልክ ሱቆች ዋስ ማቋቋም ያቅተዋል ብዬ አላስብም።

አራተኛው መዝገብ ነው። የቀድሞው ባለ ሱቅ ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚከፍል ጽፎ ይይዝ ነበር። የዛሬው ነጋዴ ስንት ሰው እንዳየ ስልኩ ይነግረዋል፤ ስንቱ ጠይቆ በየትኛው መልስ ላይ ዝም እንዳለ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ጎብኚው የሚጠፋበት ነጥብ ሥጋቱ ያለበት ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ጥሩ ፎቶና ጥሩ ማስታወቂያ ምንም አይሠሩም ልትል ነውን?» የሚል ነው። ይሠራሉ፤ ያላዩት አገር አይናፍቅም። ማስታወቂያ ጎብኚን እስከ ደጅ ያመጣል። ደጁን የሚያሻግረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አምጥቶ ደጁን መዝጋት ኪሳራን ማብዛት ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የሚከብድ ነው። የድሮው መተማመን በዝምድና፣ በአገር ልጅነትና በሃይማኖት ላይ የቆመ ስለነበር የውጭውን ሰው ያገልል ነበር፤ ዘመድ የሌለው ነጋዴ ዋስ አያገኝም፣ ዱቤም አይሰጠውም። እኔም ያ ይመለስ አልልም። የምለው አደራን ከዝምድና አላቅቀን ለማናውቀው ሰው ጭምር እንዲሠራ ደንብ እንስጠው ነው። «ደንበኛ» የሚለው ቃል ራሱ የሚጠይቀን ይህን ነው፤ ከ«ዘመድ» ሳይሆን ከ«ደንብ» ወጥቷልና።

ይህ ካልሆነ ምን ይመጣል? የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞቱ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ አስረድተዋል። ይህን የጻፉት ባቡሩ ዕቃ እያመጣ በነበረበት ዘመን ነው። የዛሬው ሐዲድ በስልካችን ውስጥ ተዘርግቷል። የመተማመኑን ሥርዐት እኛ ካልሠራነው ሌሎች ሠርተው ያመጡታል፤ ያን ጊዜ የአዳማ ነጋዴ በገዛ ደንበኛው ደጃፍ ላይ ቀረጥ ከፋይ ይሆናል። ወይም ደግሞ ማንም አይሠራውም፤ ያን ጊዜ አጭበርባሪው ታማኙን ከገበያ ያስወጣዋል፤ የተታለለ ገዢ ሁለቱን መለየት አይችልምና።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምተወው የቤት ሥራ አለ። የኢኮኖሚክስና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ለገንዘብ አደራ የሚሆን ሥርዐት ንደፉ። የሕግ ተማሪዎች አዋጆቹን ከመናኸሪያው ልማድ ጋር አስተያዩ። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ በመስኮት የሸጡ፣ በሐዲዱ ዳር ዱቤ የጻፉ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ሂዱና ቃላቸውን ቅዱ። የእነርሱ ዕውቀት በማንም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ የስልክ ነጋዴው እያጣ ያዘነበት ዕውቀት ግን እርሱ ነው።